ቡጋቲ፣ ሪማክ እና የገናሌ ቁልቁለት

ነገሌ ላይ ቡጋቲ በዓይኑ ያየ ሰው አላውቅም። ቡጋቲ ይበልጣል፣ ሪማክ ይበልጣል ተባብሎ ጓደኛውን ያኮረፈ ተማሪ ግን ሞልቷል። ኔትወርክ ያለ ቀን ቲክቶክ ላይ ያያሉ፣ በሌለ ቀን በዜንደር የተላላኩትን ደጋግመው ያያሉ። ክርክሩ ኦሮምኛም አማርኛም ሶማልኛም ተቀላቅሎበት ነው የሚካሄደው፤ ቁጥሩ ግን በሁሉም ቋንቋ ያው ነው፦ 1,500 የፈረስ ጉልበት፣ 2.4 ሰከንድ፣ 420 ኪሎ ሜትር በሰዓት። የኦምን ሕግ አምስት ጊዜ አስተምሬው ያልያዘልኝ ልጅ ይሄን እንደ አባቱ ስም ይዞታል።

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጻፈልኝ። አሁን የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ አንዳንዴ በፊልቱ አድርጎ ዶሎ ኦዶ፣ አንዳንዴ ገናሌን ተሻግሮ ወደ ባሌ ይሄዳል። "ቲቸር እስቲ እርስዎ ይፍረዱን፣ ቡጋቲ ቺሮን ነው ወይስ ሪማክ ኔቬራ? ከሹፌሬ ጋር ምሳ ተወራርደናል" ይላል። መልሱን ስጽፍ ረዘመብኝ። ብዙዎቻችሁም የጠየቃችሁኝ ነገር ስለሆነ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ሌላም የምለው አለኝ፤ ታገሱኝ።

መጀመሪያ 0–100 የሚባለውን ነገር እንየው። 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት 27.8 ሜትር በሰከንድ ነው። ከገደል ጫፍ ላይ ድንጋይ ልቀቁ፣ የአየሩን ነገር ተዉት። ድንጋዩ 27.8 ሜትር በሰከንድ ላይ ለመድረስ 2.8 ሰከንድ ይፈጅበታል። እስከዚያ 39 ሜትር ያህል ወርዷል፣ ማለትም የአንድ ትልቅ ፎቅ ቁመት። ቡጋቲ ቬይሮን እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ ለዚሁ 2.5 ሰከንድ ነበር የሚፈጅበት። ቺሮን 2.4። ስለዚህ ሜዳ ላይ የቆመ መኪና ከገደል ከሚወድቅ ድንጋይ ቀድሞ 100 ይገባል ማለት ነው። ይሄን ክፍል ውስጥ ስናገር ከኋላ ወንበር "ውሸት!" የሚል አይጠፋም፤ አስሉት እላለሁ፣ ያሰሉታል፣ ዝም ይላሉ። እኔ ራሴ መጀመሪያ ሳሰላው ሁለቴ ነው የደገምኩት።

ሪማክ ኔቬራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በ1.81 ሰከንድ ገብቷል። ክሮኤሺያ የምትባል አገር ነው የሚሠራው፣ ኤሌክትሪክ ነው፣ አራት ሞተር አለው፣ ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ጋ ነው። ቺሮን 7 ማርሽ አለው። ኔቬራ ማርሽ የሚቀይርበት ነገር የለውም። ከአፍ እስከ ገደፉ አንድ ማርሽ ነው። ሰባት ያለው በአንድ ለምን ተቀደመ?

ማርሽ ማለት ንግድ ነው። ጉልበት ትሰጠኛለህ፣ ፍጥነት እሰጥሃለሁ፤ ወይ የተገላቢጦሽ። ሁለቱንም በአንዴ የሚሸጥልህ ካምቢዮ የለም። አንደኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ አራት ጊዜ ሲዞር ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ አንዴ ብቻ ይዞራል፤ ፍጥነቱ በአራት ተካፈለ፣ ጉልበቱ ደግሞ በአራት ተባዛ። አራተኛ ላይ አንድ ለአንድ ይሆናል። እንግሊዞቹ አንደኛን "ዝቅተኛ ማርሽ" ነው የሚሉት። እኛ ጋ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ "ከባድ ማርሽ" ብሎ ነው የተማረው። የኛ አባባል ይሻላል ባይ ነኝ። ዝቅተኛ ስትለው ለተማሪ ደካማ ይመስለዋል፣ ከባድ ስትለው ሥራው ምን እንደሆነ ይገባዋል። (በነገራችን ላይ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ጋቢና፣ ሁሉም ከጣልያን የቀሩ ቃላት ናቸው። ዛሬ ዋናውን የማወራላችሁ "ፎሌ"ም እንደዚያው።)

የቤንዚንና የናፍጣ ሞተር ችግሩ ከዜሮ መነሳት አለመቻሉ ነው። በደቂቃ ስድስት ሰባት መቶ ዙር ካልዞረ ይጠፋል፤ ጉልበቱን በደንብ የሚያወጣውም በተወሰነ ዙር መካከል ብቻ ነው። ስለዚህ ፍሪሲዮን ያስፈልገዋል፣ ከዚያ ከዚያች ዙር ሳይወጣ እንዲቆይ በየፍጥነቱ ማርሽ ይቀየርለታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ቆሞ እያለ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ሳይዞር ይገፋል። ያ ነው ጅምሩ ላይ ድንጋዩንም ቡጋቲውንም የሚያስቀድመው።

ቢሆንም ንግዱ ለእሱም አልቀረለትም። አንድ ማርሽ ብቻ ይዘህ ለጅምሩም ለመጨረሻውም እኩል መሆን ከባድ ነው። ፖርሽ ታይካን ኤሌክትሪክ ሆኖ ሳለ የኋላ ጎማው ላይ ሁለት ማርሽ የተገጠመለት ለዚህ ነው። ኔቬራ 412 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ያቆማል። ከቺሮን የተሠራ አንድ ቡጋቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ጀርመን አገር የመሞከሪያ መንገድ ላይ 490 አልፏል። ስለዚህ የውርርዱ ፍርድ፦ ሲነሱ ሪማክ፣ ሲርቁ ቡጋቲ። ምሳውን ተካፍላችሁ ብሉ። ሌላም ልንገራችሁ፣ ቡጋቲና ሪማክ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ቡጋቲ ሪማክ የሚባል አንድ ድርጅት ውስጥ ናቸው። እናንተ እዚህ ትኮራረፋላችሁ፣ እነሱ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠዋል።

የኔ ምርጫ ግን ከሁለቱም አይደለም። በኔ ልደት ሰሞን የነበረ ሌላ ፉክክር ነው፤ ፌራሪ ኤፍ 40 እና ፖርሽ 959። ኤፍ 40 እ.ኤ.አ. በ1987 ወጣ፣ 478 የፈረስ ጉልበት፣ 5 ማርሽ፣ የሚገፋው በኋላ ጎማ ብቻ፣ 324 ኪሎ ሜትር በሰዓት። 959 ደግሞ 450 የፈረስ ጉልበት፣ በአራቱም ጎማ የሚሄድ፣ 317 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ወረቀት ላይ ፌራሪ አሸነፈ። ግን የ959ን ማርሽ እጀታ ተመልከቱት። 6 ማርሽ አለው፣ የመጀመሪያው ቦታ ላይ 1 አይደለም የተጻፈው፣ በላቲን ፊደል "ጂ" ነው። የጀርመንኛ ቃል መነሻ ሆኖ ትርጉሙ አስቸጋሪ መሬት፣ መንገድ ያልወጣለት አገር ማለት ነው። 317 የሚበር መኪና ላይ ለድንጋይና ለአሸዋ የሚሆን ከባድ ማርሽ ገጥመውለታል። ይሄው 959 ነው እ.ኤ.አ. በ1986 የፓሪስ–ዳካርን ውድድር ሰሃራን አቋርጦ አንደኛና ሁለተኛ የወጣው። ፌራሪውን ጎዳናው ይወቀው፤ ከነገሌ ፊልቱ ይዤ ውረድ የምባል ከሆነ ምርጫዬ ግልጽ ነው።

እዚህ ጋ ጎማ ይመጣል። የፈረስ ጉልበት ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚያልፈው በአራት መዳፍ በምታህል ጎማ መሬቱን በነካችበት ቦታ ነው። ጥሩ ጎማ፣ ጥሩ አስፋልት ሲሆን መያዣው ትልቅ ነው። ጠጠር ፒስታ ላይ ግን የመያዝ አቅሙ ግማሽ ገደማ ይሆናል። ግማሽ እንበልና እናስላው። 0.5 ሲባዛ 9.8፣ 4.9 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። 27.8ን ለ4.9 ስናካፍል 5.7 ሰከንድ። አለቀ። 1,500 ፈረስ አምጣ፣ 1,914 ፈረስ አምጣ፣ ፒስታ ላይ ከ5.7 ሰከንድ በታች 100 መግባት አትችልም፤ ጎማው እዚያው ይፈትላል፣ ጠጠሩን ወደ ኋላ ትረጫለህ።

ላንድክሩዘር ፒካፕን አስቡ። ያቺ የምናውቃት፣ ውሃ የምትጭነው፣ ፍየል የምትጭነው፣ ሙሽራ የምትጭነው። 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ 6 ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌላት፣ 130 ገደማ የፈረስ ጉልበት። 100 እስክትገባ ጋቢና ውስጥ አንድ ሙሉ ወሬ ያልቃል። ግን የሞተሯ የማዞር ጉልበት 280 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በአንደኛ ማርሽ በ4 ይባዛል፣ በዲፈረንሻሉ በሌላ 4። 4,500 ገደማ ሆነ። አጠገቡ ያለችውን ትንሿን ዘንግ ስትስባት ደግሞ በሁለት ተኩል ይባዛል፤ ከ11,000 በላይ። (ቁጥሩን ለሰሌዳ እንዲመች አጠጋግቼዋለሁ፣ መካኒኮች አትሳቁብኝ።) ዝናብ የበላው የላጋ አሸዋ ውስጥ የሚያወጣችሁ ይሄ ማባዛት ነው። የባለሥልጣን ቪ8 ተቀርቅሮ በላንድክሩዘር ሲጎተት ያየ ሰው ለዚህ ሂሳብ ሰሌዳ አያስፈልገውም።

እስካሁን ሽቅብና ሜዳ ነው ያወራነው። ልጆቹ የሚከራከሩትም፣ ቪዲዮው የሚያሳየውም ይሄን ነው። ቁልቁለትን የሚያሳይ ቪዲዮ የለም።

ነገሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 ሜትር በላይ ነው። ዶሎ ኦዶ፣ ገናሌና ዳዋ የሚገናኙበት ቦታ፣ ወደ 200 ሜትር። ወደ ባሌ ስትሄዱም መጀመሪያ ወደ ገናሌ ወንዝ መውረድ አለ። ለስሌት 300 ሜትር ቁልቁል እንበል። መኪናና ጭነት ተደምሮ 8 ቶን። 8,000 ሲባዛ 9.8፣ ሲባዛ 300፣ 23.5 ሚሊዮን ጁል። ይሄ ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፣ አይጠፋም። ፍሬን ብቻ ከያዘው በሙሉ ሙቀት ይሆናል፣ በታንቡሩና በፍሬን ሸራው ላይ። ምን ያህል ሙቀት? 70 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ። ሦስት ተኩል ጀሪካን! ያን ሁሉ እሳት እዚያች ሸራ ላይ አንድዶ "ያዝልኝ" ማለት ነው። ሸራው ሲግል መያዙን ያቆማል። መጀመሪያ ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉ እንደድሮው ይረገጣል ግን መኪናው አይሰማም።

ከባድ ማርሽ ላይ ከወረድክ ግን ንግዱ ይገለበጣል። ጎማው ሞተሩን ያዞራል፣ ሞተሩ እንቢ ይላል፣ በዚያ እንቢታ መኪናው ይያዛል። የዚህ ሙቀት በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይወጣል፣ ፍሬኑ ለመታጠፊያው ቀዝቅዞ ይጠብቃል። የድሮ የኤንትሬ ሹፌሮች በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚሉት ይሄንኑ ነው። ፊዚክስ አልተማሩም፣ ሕጉን ግን በእጃቸው ያውቁት ነበር።

ፎሌ ማለት ይሄን ሁሉ መበጠስ ነው። ማርሹን ዜሮ አድርጎ መልቀቅ። ሹፌሮች የሚያደርጉት ነዳጅ ለመቆጠብ ነው፤ ናፍጣ ሰልፍ ላይ ሁለት ቀን ያደረን ሰው ለምን ትቆጥባለህ አልለውም። ሂሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ በአሁኖቹ ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ለሞተሩ የሚረጨው ናፍጣ ይቋረጣል። ሞተሩን በነፃ የሚያዞረው ጎማው ነው። ፎሌ ስታደርገው ጎማው ተለየው፣ እንዳይጠፋ የግድ ናፍጣ ይጠጣል። ጭራሽ ቁልፍ አጥፍቶ የሚወርድም አለ። እሱማ የፍሬኑን አጋዥ፣ የመሪውን አጋዥ አብሮ አጥፍቶታል። ቀጥ ባለ ቁልቁለት ላይ ፎሌ ያተረፈልህ ናፍጣ የለም፤ ያተረፈልህ ካለ በሸራና በጎማ መልሰህ ትከፍለዋለህ።

ሰዉ አይሱዙን "አልቃይዳ"፣ ሲኖትራክን "ቀይ ሽብር" ብሎ ስም አውጥቷል። ስሙ ያስቃል፣ እኔም ስቄበታለሁ። ግን መኪና በራሱ ፎሌ አይገባም።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ስለ አንድ ልጅ ብዬ ነው። ስሙን አልጽፍም፣ እናቱ እዚሁ ናቸው። የኢንቦክሱ ረዳት ያውቀዋል፣ አንድ ዴስክ ላይ ነበሩ፣ በመስኮት በኩል ሦስተኛው። ማክላረን ኤፍ 1 እ.ኤ.አ. በ1998 ስንት ነዳ ብትሉት "386" ይላችኋል ቀና ሳይል። የመኪና ስዕል የደብተሩ ጀርባ ላይ ይስላል፣ ጎማው ሁልጊዜ ከመኪናው ይበልጣል። ቤት ውስጥ ታላቅ እሱ ስለነበር ከ10ኛ ክፍል ወጥቶ ረዳት ሆነ። ደመወዙን ለእናቱ እንደሚሰጥ ገበያ ላይ ሳገኛቸው እሳቸው ነግረውኛል። ባለፈው ዓመት ሌሊት ላይ ጭነት ይዘው ቁልቁለት ሲወርዱ መኪናው ፍሬን እምቢ አለው። ሹፌሩ ተረፈ። እሱ ነው ለቅሶ ላይ ለሽማግሌዎቹ የተናገረው፣ እያለቀሰ፦ ፎሌ ነበርን፣ መልሼ ማርሽ ላስገባ ብል አልገባ አለኝ።

አይገባም። መኪናው አንዴ ከፈጠነ በኋላ የሞተሩ ዙርና የጎማው ዙር በጣም ይራራቃል፣ ካምቢዮው አይቀበልም፣ ጥርሱ ይንጫጫል እንጂ አይነክስም። ከባድ ማርሽ የሚገባው ከላይ ነው፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር። ታች ከደረስክ በኋላ የሚሸጥልህ የለም።

ያ ልጅ ከማንኛችንም በላይ ስለ ፍጥነት ያውቅ ነበር።

እና ይሄ ነገር ከኤሌክትሪክ መኪና ጋር ይቀየራል ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ ቢዋይዲና አይዲ ፎር አይቶ ይመለሳል። እነዚህ ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተራቸው ወደ ጄኔሬተርነት ይቀየርና ባትሪያቸውን ይሞላሉ። 2 ቶን መኪና ያንን 300 ሜትር ሲወርድ፣ ብክነቱን ቀንሰን፣ ሜዳ ላይ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬደውን ጉልበት መልሶ ያገኛል። ለፍሬን ሸራ የነበረው እሳት ወደ ባትሪ ገባ ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው ገናሌ ዳዋ 3ም ሥራው ይሄው ነው፤ ውሃው ሲወርድ ያለውን ጉልበት ተርባይን ላይ ተቀብሎ 254 ሜጋዋት ያወጣል። እዚሁ አፍንጫችን ስር ገናሌ ቁልቁለቱን በማርሽ ነው የሚወርደው። ግን የጭነት መኪናዎቻችን ገና ብዙ ዓመት ናፍጣ ናቸው፣ ቻርጅ ማድረጊያውም የበዛው አዲስ አበባ አካባቢ ነው። ስለዚህ ፍሪሲዮንና ማርሽ ከኛ ጋር ይቆያሉ።

ሐሙስ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ "ሲምፕል ማሽን" የሚለው ምዕራፍ ላይ ነን። መጽሐፉ ላይ ያለው ጥያቄ ሰበቃ የሌለው ተዳፋት ላይ የሚንሸራተት ሳጥን ነው። እኔ በሳጥኑ ፈንታ 8 ቶን ጭነት ልሰጣቸው ነው፣ ከአንድ ጋራዥ ያገኘሁትን ያረጀ ካምቢዮም ተሸክሜ እገባለሁ፤ ጥርሱን በእጃቸው እየቆጠሩ ሬሾውን ያውጡ። የምትፈልጉ የድሮ ተማሪዎች በር ላይ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ዩኒፎርም አልጠይቅም።

ሹፌሮች ደግሞ አንድ ነገር አስቸግራችሁ። ከነገሌ ወደ ገናሌ ስትወርዱ፣ ከያቤሎ በላይ፣ ከሻኪሶ ወዲህ፣ የምታውቁትን ቁልቁለት ስምና የምትወርዱበትን ማርሽ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ጭነት ሲኖርና ባዶ ሲሆን ለየብቻ። ለይቼ በትልቁ ጽፌ ክፍል ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።